የአባቴ የእግር ቁስልና የኦክስጅን ሕክምናው፦ ዋጋው ስንት ነው? መድህን ይሸፍነዋል?

የፈላና በር ልጅ (ሐረር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመቱ ነው፤ ስኳር ከተገኘበት 12 ዓመት አልፎታል። በቀኝ እግሩ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር መሬት በሚረግጥበት ቦታ ላይ ቁስል ወጥቶበት ሦስተኛ ወሩን ይዟል። አያመውም። ስለማያመው እኛም ቀላል መስሎን ዝም አልን። አሁን የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ሰፍቷል፤ ሽታ አምጥቷል፤ ካልሲውም ይረጥባል። ጤና ጣቢያ እያጠቡ ያሽጉለታል፣ ግን ለውጥ የለውም።

ታላቅ እህቴ ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን የሚባል ሕክምና አለ፣ ታማሚው ግፊት ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሆኖ ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍስ አልድን ያለ ቁስል ይድናል አለችን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። እሷ የምታስበው ወይ አባቴን እዚያ ወስዳ ለማሳከም ነው፣ ወይ ደግሞ በአየር የሚነፋ የቤት ውስጥ ክፍል ገዝታ ልትልክልን ነው። እናቴ ወርቋን ለመሸጥ ተነሥታለች።

ሕክምናው በጠቅላላው ስንት ያስወጣል? የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ነን፤ ይሸፍንልናል? የወንድሜ መሥሪያ ቤትም የቡድን የሕክምና ኢንሹራንስ አለው። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ወርቁ ሳይሸጥ።

የሐረር ልጅ ከቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። እኔ እዚህ የሆስፒታል ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የገንዘቡን ነገር ልንገርሽ።

«አንዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ትታለላላችሁ። ለስኳር ቁስል ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ጊዜ መግባት ያስፈልጋል፤ በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት። አንዱ 300 ዶላር ነው ቢሏችሁ 40ው 12,000 ዶላር ነው። የሐኪሙ፣ የምርመራው፣ የቁስል ማሸጊያውና የሁለት ወሩ መመላለሻ እዚህ ውስጥ የለም። ደግሞ ሜዲኬር ላይ ሂሳቡ የሚጻፈው በ30 ደቂቃ እየተቆረጠ ስለሆነ የሁለት ሰዓቱ አራት ተብሎ ይመጣል። እህትሽ ዋጋ ስትጠይቅ «የ30 ደቂቃው ነው ወይስ የሙሉው?» ትበላቸው። ይህን ሳይጠይቁ ገብተው የደነገጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ወደ መድኑ ልምጣ። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚከፍለው የመንግሥት መድን፣ ለስኳር እግር ቁስል ይሸፍናል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ቁስሉ ዋግነር በሚባለው መለኪያ 3ኛ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ይህ ማለት ጠልቆ መግል የቋጠረ ወይም አጥንት የነካ ኢንፌክሽን ማለት ነው። በዚያ ላይ ቢያንስ 30 ቀን ደንበኛው የቁስል ሕክምና ተደርጎለት ምንም መሻሻል እንዳላሳየ በሐኪም መመዝገብ አለበት። ከተጀመረም በኋላ በየ30 ቀኑ ይታያል፤ ለውጥ ከሌለ መክፈሉን ያቆማል። ሲከፍልም 80 በመቶውን ነው፤ የቀረው የታማሚው ነው።

አባትሽ በጎብኚ ቪዛ ቢመጡ ይህ ሁሉ እሳቸውን አይመለከትም። ግሪን ካርድ አግኝተው 65 ቢሞላቸው እንኳ ከፍለው ሜዲኬር ለመግባት 5 ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት ይጠየቃሉ። የእህትሽ የሥራ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ባልና ልጅን እንጂ ወላጅን አያካትትም። የጎብኚ ኢንሹራንስ የሚሉት ደግሞ ቀድሞ የነበረ በሽታን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ስኳር ደግሞ ቀድሞ የነበረ ነው። አውቃለሁ፣ መስማት ከባድ ነው። ቲኬት ቆርጣችሁ መጥታችሁ ከምትሰሙት ግን አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

በአየር የሚነፋውን በጭራሽ እንዳትገዙት። የእሱ ግፊት 1.3 ከባቢ አየር፣ ማለትም የተለመደው የአየር ግፊት 1.3 እጥፍ ያህል ነው። የሆስፒታሉ ከ2 እስከ 2.5 ይደርሳል፣ ታማሚው የሚተነፍሰውም መቶ በመቶ ኦክስጅን ነው። እዚህ አገር በአየር የሚነፋው ክፍል ፈቃድ ያገኘው ተራራ ሲወጡ ለሚይዝ የከፍታ ሕመም እንጂ ለቁስል አይደለም።

የቁስል ክፍል ነርስ (ድሬዳዋ)፦

አቦ እህቴ፣ ስለ ገንዘቡ ከማውራታችን በፊት የምጠይቅሽ አለ። አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው? ቀኑን ሙሉ ምን ላይ ነው የሚውሉት? ምን ጫማ ያደርጋሉ? እግራቸው ላይ የደም ሥር ምት የዳሰሰ ሐኪም አለ? ራጅ ተነሥተዋል? ሽታና እርጥበት ስትዪኝ ኢንፌክሽን ነው የምጠረጥረው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ወደ ላይ የሚወጣ መቅላት ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ የማንንም መልስ አትጠብቂ።

የፈላና በር ልጅ፦

ትኩሳት የለውም። ራጅ አልተነሣም፣ ምቱንም ያየለት የለም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። ከታመመም ወዲህ አንድ ቀን ሱቅ አልዘጋም፣ «ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፣ እግሬ መቼ ደከመ» ይላል። ሸበጥ ነው የሚያደርገው። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። ፔዳሉን የሚረግጠው... በቀኙ ነው። ወላሂ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

የቁስል ክፍል ነርስ (ድሬዳዋ)፦

አየሽ? ቁስሉ ያለው ፔዳሉን በሚገፉበት ቦታ ላይ ነው። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ስለወሰደው አያማቸውም፤ ስለማያማቸው ቀኑን ሙሉ ይረግጡታል። ጠዋት የታሸገው ቁስል እስከ ማታ ሲደቆስ ይውላል። እንኳን ኦክስጅን ምን ቢደረግለት፣ እየተረገጠ የሚድን ቁስል የለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት እግሩ ይረፍ። ይህ «ቀስ ብሎ ይርገጥ» ማለት አይደለም፤ ጨርሶ ክብደት አይረፍበት። ሐኪሙ በጄሶ ወይም ለዚሁ በተሠራ ጫማ ጫናውን ከቁስሉ ያነሣዋል። ከዚያ የሞተው ሥጋ በባለሙያ እጅ ይጠረግ፤ ቤት ውስጥ በምላጭ አይነካ፣ የቡና ዱቄትም አይነስነስበት፣ በሙቅ ውሃም አይዘፍዘፍ። ስሜት የሌለው እግር መቃጠሉን አያውቅም። የእግሩ የደም ዝውውር ይለካ፤ ደም የማይደርስበት ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፣ የደም ሥር ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው። አጥንት ተነክቶ እንደሆነ በራጅ ይታይ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላያሳይ ስለሚችል «ንጹሕ ነው» ቢባልም ቁስሉ ካልዳነ ይደገም። ስኳሩም ይስተካከል።

ደግሞ ልብ በዪ፣ ከቨርጂኒያ የጻፈችልሽ የ30 ቀን ሕክምና ይኸው ነው። የአሜሪካው ሜዲኬር እንኳ ይህ ሳይደረግ ለኦክስጅኑ አይከፍልም።

የኦክስጅኑን ሕክምና እያጣጣልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የስዊድን ጥናት 94 ታማሚዎችን አይቶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ኦክስጅኑን ካገኙት 52 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 29 በመቶው ቁስላቸው ድኗል ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ግን 120 ሰው አይቶ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ሕክምናው ከተመደበላቸው 60ዎቹ ውስጥ 21ዱ እንደታቀደው ሊጨርሱት አልቻሉም። በየቀኑ መመላለስ፣ የጆሮ ግፊት፣ በዝግ ክፍል መፍራት አለ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እዚያ ውስጥ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል ሳይለካ አይገባም። የተመረጡ ሰዎችን የሚረዳ፣ ከሌላው ሕክምና በላይ የሚጨመር ነገር ነው እንጂ መነሻ አይደለም።

የመድህን ሠራተኛ (ሐረር)፦

በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሥራ ላይ ነኝ። ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም፣ በዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ነርሷ የዘረዘረችው ግን ምርመራው፣ ቁስል መጥረጉ፣ መድኃኒቱ፣ አልጋ ከያዙም አልጋው ውል ባለው የመንግሥት ተቋም ይሸፈናል። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። የአባልነት መታወቂያው የዘንድሮው መታደሱን ዛሬ እዩት። ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፣ ታማሚውን ይዞ በር ላይ ከደረሰ በኋላ። የታዘዘ መድኃኒት ሆስፒታሉ ከሌለው «የለም» የሚለውን ማኅተም አስመትታችሁ ማዘዣውንና ደረሰኙን አስቀምጡ።

የወንድምሽ የቡድን ኢንሹራንስ ውሉ ነው የሚወስነው። ሦስት ነገር ያጣራ፦ ወላጅ ተካትቷል ወይ፣ የዓመቱ ጣሪያ ስንት ብር ነው፣ የማይሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ ምን ተጽፏል። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል።

ከጁገል፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ተታለናልና። የኔም አባት ስኳር ነበረባቸው፣ አላህ ይርሐማቸው። አንድ የግል ቦታ «የኦክስጅን ሕክምና ለቁስል» ተብለን ሄድን። አልጋ ላይ አስተኝተው ከሲሊንደር በማስክ ኦክስጅን እየሰጡ 10 ቀን በየቀኑ አስከፈሉን። ዝግ ክፍልም፣ ግፊትም የሚባል ነገር አልነበረም። በእነዚያ 10 ቀናት ኢንፌክሽኑ አጥንት ገባ፣ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። ማንም ይህን ሕክምና አለን ቢልሽ «ግፊቱ ስንት ከባቢ አየር ነው? ክፍሉን አሳዩኝ፤ ሳንባውንና ጆሮውን ማን ይመረምርልኛል?» በዪ። መልስ ከሌለ ውጪ። አሁንም ሌሊት እነዚያን 10 ቀናት እቆጥራለሁ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

የፈላና በር ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። በማግስቱ መታወቂያውን አይተን ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዘን ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄድን። የሞተውን ሥጋ ጠረጉለት፣ ምቱ ጥሩ ነው ተባለ፣ ራጁም አጥንት አልተነካም ይላል፤ በሁለት ሳምንቱ ተደግሞ ያው ነው። ደረጃው 2 ነው አሉ። ስለዚህ አሜሪካም ቢሆን ኖሮ ለኦክስጅኑ የሚከፍልለት አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ከመኪናው ማስነሣቱ ነበር። አባቴ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አሁን የአጎቴ ልጅ ሱቁን ይዞ ይሰፋል፣ አባቴ አጠገቡ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ይቆርጣል፣ ይለካል፣ ይቆጣል። እህቴ ለክፍሉ ካሰበችው ገንዘብ ጥቂቱን ለስኳር መለኪያና ለጫማው ላከች። የእናቴ ወርቅ ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ትናንት ነርሷ ስትለካው 2.6 በ2.1 የነበረው 1.9 በ1.4 ሴንቲሜትር ሆኗል፤ ሽታውም ጠፍቷል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከዳነ በኋላ በግራ እግሩ ብቻ የሚሠራበት ፔዳል ወይም ለዚያ መኪና የሚገጠም ሞተር ሐረር ወይም ድሬ የሚያበጅ ሰው የምታውቁ አላችሁ?