የሳኦል ቅጣት በዝቷል ወይስ ልኩ ነው?

ጠያቂው፦ እስቲ ሳንሳደብ እንወያይ። 1ኛ ሳሙኤል 15ን ማታ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ሳኦል ሁሉን እንዲያጠፋ በእግዚአብሔር ታዝዞ የአማሌቅን ሕዝብ ወጋ፤ ንጉሣቸውን አጋግንና የሰቡትን ከብቶች ግን ተወ። ለዚህ መንግሥቱን አጣ። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ባሏን አስገደለ። ግን ከዙፋኑ አልወረደም። ለእኔ የሳኦል ቅጣት በዝቷል።

የሰንበት ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ የበግ ጉዳይ አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤል ሲመጣ ሳኦል ምን አለው? «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ።» በጎቹ እዚያው እየጮሁ! ሲያፋጥጠው ደግሞ ሕዝቡ ላይ አላከከ። ዳዊት ግን ነቢዩ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው አንድም ሰበብ አልደረደረም።

ጠያቂው፦ ሳኦልም እኮ «በድያለሁ» ብሏል። «ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» ብሎም ለምኗል። ቃሉ አንድ ነው፣ መልሱ ለምን ተለያየ?

የልጆች እናት፦ ቁጥር 30ን ረጋ ብለህ አንብበው። «በድያለሁ» ባለበት አፍ «በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ» ይላል። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። መንግሥቱ ከእጁ እየወጣ የሚያስጨንቀው የሰው ዓይን ነው። ደግሞስ ዳዊት አልተቀጣም ያለው ማነው? ሕፃኑ ሞተበት። ልጁ አቤሴሎም ተነሣበት።

ጠያቂው፦ ቁጥር 30ን ልብ አላልኩትም ነበር። እሺ። ግን አንዴ ተናቀ ከተባለ በኋላ ምን ተስፋ ነበረው?

አዛውንቱ መምህር፦ ልጄ፣ ያን ቀን እኮ ከዙፋኑ አልወረደም። ከዚያም በኋላ ነግሦ ኖሯል። መመለሻ ጊዜ ነበረው ባይ ነኝ። እሱ ግን ዳዊትን ሲያሳድድ ከረመ። ዳዊትን ረድታችኋል ብሎ በኖብ ከተማ 85 ካህናትን በአገልጋዩ በዶይቅ እጅ አስገደለ። በመጨረሻ፣ መናፍስት ጠሪዎችን ከምድሩ ያባረረው ሰው ራሱ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ዓይንዶር ወደምትኖር መናፍስት ጠሪ ሄደ። ከዚያም በጊልቦዓ ተራራ በጦርነት ከሦስት ልጆቹ ጋር ወደቀ።

ጠያቂው፦ መምህር፣ ስለ ኖብ መልስ የለኝም። ግን አብሮት የሞተው ልጁ ዮናታን ምን አጠፋ? ያ የዳዊት ወዳጅ፣ በአባቱ ጦስ?

የሰንበት ተማሪዋ፦ እኔም ለእሱ መልስ የለኝም። ያማል።

አዛውንቱ መምህር፦ ይመም። ሳሙኤል ራሱ ለሳኦል አልቅሷል፣ እግዚአብሔር «እስከ መቼ ታለቅሳለህ?» እስኪለው ድረስ። የኢያቢስ ገለዓድን ሰዎችም አስታውሱ። ሳኦል ንግሥናውን ሲጀምር ከአሞናውያን ያዳናቸው ናቸው። አስከሬኑ በቤትሳን ቅጥር ላይ መሰቀሉን ሲሰሙ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው አወረዱት። አጥንቱን ቀበሩ። ሰባት ቀንም ጾሙ።