እንጀራዬ ዓይን እምቢ አለኝ፤ እናቴ ደግሞ የፊታችን እሑድ ትመጣለች

ጥያቄ፦ ባለአራተኛ ፎቁ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ፣ ይኸው 4 ዓመት፣ በሰው እጅም በአውቶቡስም ድርቆሽና ሽሮ ሳትልክልኝ የቀረችበት ወር የለም። ፍልሰታ ሳይገባ የፊታችን እሑድ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ዘንድሮ ራሴ የጋገርኩትን አበላታለሁ ብዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። ሁለት ቅዳሜ ሞከርኩ፣ ሁለቱም አልሆነም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ሐሙስ ማታ 2 ኪሎ ሰርገኛ ጤፍ በውሃ ብቻ አቦካሁ፣ እርሾ አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱን ከካርቶኑ አውጥቼ ሰካሁና ጋገርኩ። አንድም ዓይን አላወጣም፤ ከምጣዱም አልነሳ ብሎ በቢላ ፈቀፈቅሁት።

በሁለተኛው ደግሞ ከሱቅ የዳቦ እርሾ ገዝቼ ፓኬቱን በሙሉ ጨመርኩና የባልዲውን ክዳን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማድቤት ውስጥ አንድ ነገር ጧ! አለ። ሌባ ነው ብዬ ጮህኩ። ከታች ያሉት ጋሼ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው በቁምጣ ወጡ። መብራት ስናበራ ክዳኑ ምድጃው ሥር ወድቋል፣ ሊጡ በቁም ሳጥኑ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። የተረፈውን ጠዋት ልጋግር ስል ሦስተኛው እንጀራ ምጣዱ ላይ እንዳለ የቤቱ መብራት ድርግም አለ፤ ለልብስ ማጠቢያ ውሃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ጥጄ ነበር። የጋሼ ትንሹ ልጅ በስልክ መብራት እያበራልኝ ምጣዱን አየት አደረገና «ይሄ ገንፎ ነው?» አለኝ።

ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? የቀረኝ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ እባካችሁ።

መልስ፦ የጉለሌዋ እናት

አይዞህ የኔ ልጅ። እናትህን ያኑርልህ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ምጣዱ። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ አይጋገርበትም፣ የያዘብህ ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ አግለው፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንስበትና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እሸው። ጎመን ዘሩ ሲያር ጠርገህ ሌላ ነስንስ። ገጹ ጠቁሮ እስኪወዛ ሦስት አራቴ ደጋግም። ጭሱ ያስነጥሳልና መስኮትህን ክፈት። በቢላ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትነካው፤ ገጹ ከተጫረ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይይዛል።

ሊጡን ረቡዕ ማታ አቡካ። ሐምሌ ነው፣ ብርዱን ታውቀዋለህ፤ በበጋ ሁለት ቀን የሚበቃው አሁን ሦስት ቀን ይፈልጋል። ለ2 ኪሎ ዱቄት 3 ሊትር ያህል ውሃ በቂ ነው። ውሃውን በአንዴ አትገልብጠው። መጀመሪያ በጥቂቱ ጠጠር አድርገህ በእጅህ እሸው፣ ጓጉሉ ሲጠፋ ቀሪውን ጨምር። እርሾ ከጎረቤት አንድ ብርጭቆ ተቀበል።

ቅዳሜ ጠዋት ሊጡ ከታች ዘቅጦ ከላይ ቢጫ ውሃ ጠልሎ ታገኘዋለህ። ውሃውን ቀስ ብለህ ድፋው፣ አንድ ብርጭቆ ግን ለሚቀጥለው እርሾ አስቀር። ከዚያ አብሲት ትጥላለህ። ዓይን የነሳህ ይህ መቅረቱ ይመስለኛል። 1 ሊትር ውሃ አፍላ፣ ከሊጡ ሦስት ጭልፋ እያማሰልክ ጨምርበት፣ አጥሚት እስኪመስል ይንተክተክ። ለብ ሲል ብቻ ወደ ሊጡ መልሰው። እንደጋለ ከጨመርከው ሊጡን ያበስለውና እንደገና አልነሳም ይልሃል። አንድ ሁለት ሰዓት ተወው፤ ኩፍ ብሎ አረፋ ሲያወጣ ምጣድህን ስካ። ከወፈረብህ በለብታ ውሃ አቅጥነው።

ስትጋግር ከዳር ጀምረህ እያዞርክ ወደ መሃል ጨርስ። ክዳኑን አትቸኩል! ዓይኑ ከዳር እስከ መሃል ሲወጣ ነው የሚከደነው። ጠርዙ ከምጣዱ ሲላቀቅ በሰፌድ አውጣው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ወንድሜ፣ እትዬ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። የዳቦ እርሾና የእንጀራ እርሾ ለየቅል ናቸው። የፓኬቱ በጥቂት ሰዓት ብዙ ጋዝ ያወጣል፤ ክዳንህን ያስፈነጠረውም እሱ ነው። የኛ እርሾ ከብዙ ዓይነት ጥቃቅን ነፍሳት የተሠራ ስለሆነ ቀስ ብሎ ያቦካል፣ ያችን የምናውቃትን ኮምጠጥ ያለች ጣዕም የሚሰጠውም እሱ ነው። አንተ የጋገርከው ቢሳካ እንኳ አፍለኛ ነው የሚሆነው። እናትህ ደግሞ ገና ስትቆርስ ታውቀዋለች።

እዚህ በክረምት ቤቱ ሲቀዘቅዝብኝ ባልዲውን ኦቭን ውስጥ አስገብቼ አምፖሉን ብቻ አበራለታለሁ፤ ኦቭኑን ራሱን አላሞቀውም። አንተ በጋቢ ጠቅልለው። ክዳኑን ደግሞ ገርበብ አድርገው፣ መተንፈስ አለበት። ልጄ ባልዲውን ጋቢ ለብሶ ሲያየው ሰላም ብሎት ያልፋል።

መልስ፦ መስመር ዘርጊው

የመብራቱን ነገር ለእኔ ተወው፣ ሥራዬ ነው። የቤት ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ነው፤ ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለውም 16 ነው። ምጣዱ ብቻውን ጫፍ ላይ አድርሶታል ማለት ነው። ምድጃውን ስትጨምርበት ብሬከሩ መውደቁ ትክክለኛ ሥራውን መሥራቱ ነው። ማንም መጥቶ «ትልቅ ብሬከር ልቀይርልህ» ቢልህ እንዳትሰማው፤ ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ከተለቀ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ማራዘሚያም አትጠቀም።

ለዘለቄታው ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ መስመር አዘርጋ፦ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ለ25 አምፔር የሚሆን ሶኬት፣ ከነኧርዙ (ወደ መሬት ከሚወርደው የመከላከያ ሽቦ ጋር)። የምጣዱ አካል ብረት ስለሆነ ኧርዝ የሌለው መስመር ላይ በእርጥብ እጅ መንካት ነፍስ ያጠፋል። ለዚህ ቅዳሜ ግን ምጣዱ ሲሠራ ሌላውን ሁሉ ንቀል።

አንድ ሌላ ነገር። ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ኃይል ይወርዳል። ወደ 180 ቮልት ከወረደ ምጣድህ ከሙቀቱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚሰጥህ፤ በቀዘቀዘ ምጣድ ላይ ደግሞ ሊጥ ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጀምር። አብሲቱን በሌሊት ተነስተህ ጣል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ምጣዱን ትናንት ማታ አሟሸሁት። ጋሼ በጭሱ ደንግጠው እንደገና ወጡ፣ በዚህኛው ግን መጥረጊያ አልያዙም። ምጣዱ በደንብ መጋሉን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የጀሞ 2 ነዋሪ

አንድ ማንኪያ ሊጥ መሃሉ ላይ ጣል አድርግ። ወዲያው ዓይን ካወጣ ደርሷል፣ ለጥ ብሎ ከቀረ ጠብቅ። በእያንዳንዱ እንጀራ መካከልም ምጣዱ ሙቀቱን እስኪመልስ ትንሽ ታገሥ። እርሾ ካላገኘህ እኔ ጋ አለ፣ ብርጭቆ ይዘህ ና።

ጠያቂው፣ ሰኞ ማለዳ

ወገኖቼ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ አብሲቱን ጣልኩ፣ 12 ተኩል ላይ ምጣዱን ሰካሁ። የመጀመሪያው የምጣድ ማሟሻ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ዳር ዳሩን ብቻ ዓይን አወጣ። ሦስተኛው ላይ ክዳኑን በእጄ ይዤ ቆሜ ሳይ፣ ከጠርዙ ጀምሮ ጥቃቅን ቀዳዳ እየተከፋፈተ ወደ መሃል ገባ። 11 ደህና እንጀራ ወጣልኝ። ያ ልጅ ትኩሱን በአዋዜ በላና ሌላ ጨምርልኝ አለ።

እናቴ እሑድ 5 ሰዓት ላይ አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ አሸክማ ደረሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ መሶቡን ከፈተች፣ አንዱን በጠርዙ ብድግ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን ዳሰሰች። «ማን ጋገረልህ?» አለችኝ። እኔ ስላት አላመነችም፤ ሊጥ ተርፎኝ ስለነበር ምጣዱን አስግላ ፊቷ አስጋገረችኝ። እጄን አንድ ጊዜ ብቻ «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ!» ብላ ያዘችኝ። በሽሮ በላችና ውሃ ትንሽ አንሶታል አለች። ስትመለስ አራቱን በፌስታል ጠቅልላ ለእህቷ ልታሳይ ይዛ ሄደች።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያስቀረሁትን እርሾ በየሳምንቱ የማልጋግር ከሆነ እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ የጉለሌዋ እናት

እልልል! የኔ ጌታ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ እናትህንም ሰላም በልልኝ። እርሾውን በጠርሙስ አድርገህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አቡካበት፣ ያኔም አዲስ ታስቀራለህ። ጠርሙሱን ብቻ አጥብቀህ አትክደነው።