ጄሰን ቶድ የሞተው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ወይስ ሳራዬቮ?

ቅዳሜ_አራት_ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 8 ልጆች ያሉበት የኮሚክ ንባብ ቡድን አለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። ቀጣዩ ተራ በፈረንጅ 2010 የወጣው አኒሜሽን «ባትማን፦ አንደር ዘ ሬድ ሁድ» ነው። ፊልሙ ላይ የባትማን ጠላት ጆከር፣ ሮቢን የሚባለውን የባትማን ረዳት ጄሰን ቶድን የሚገድለው ቦስኒያ ውስጥ ሳራዬቮ ነው። አንዱ ልጅ ግን «ኮሚኩ ላይ እኮ ኢትዮጵያ ነው» ብሎ ክርክር አስነስቷል። ማን ልክ ነው? ኮሚኩን እናስቀድም ካልን የትኞቹን ቁጥሮች እናንብብ? የተመረጡ ገጾችን በፕሮጀክተር እያሳየን ንግግሩን በአማርኛ ልናነብላቸው አስበናል፤ የሚያስቸግር ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩን።

የድሮ_ዕትም፦
ልጁ ልክ ነው። ዋናው ታሪክ «ኤ ዴዝ ኢን ዘ ፋሚሊ» ይባላል፤ በ1988 ባትማን ከቁጥር 426 እስከ 429 ድረስ የወጣ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጸሐፊው ጂም ስታርሊን፣ ሠዓሊው ጂም አፓሮ ናቸው።

ጄሰን ወላጅ እናቱን ፍለጋ ይወጣል። የልደት ወረቀቱ ላይ የእናቲቱ ስም ተበላሽቶ የቀረው የመጀመሪያዋ ፊደል «ኤስ» ብቻ ናት፤ ስለዚህ ሦስት ሴቶች ይጠረጠራሉ። ሁለቱ ሳይሆኑ ይቀራሉ። ሦስተኛዋ ሺላ ሄይዉድ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በረሃብ ዕርዳታ ሥራ ላይ ያለች ናት፤ እናቱም እሷው ናት። ጆከር የድሮ ጥፋቷን ይዞ ያስፈራራታል፤ እሷም የዕርዳታ ገንዘብ ስትመዘብር ስለኖረች፣ ያ እንዳይወጣባት ልጇን አሳልፋ ትሰጠዋለች። ልጁ በብረት መንቀያ ሲቀጠቀጥ ፊቷን አዙራ ሲጋራዋን ታጨሳለች። እዚያች ምስል ላይ ቆም በሉ፤ ከድብደባው ይልቅ እሷ ናት የምትከብደው። በኋላ ጆከር እሷንም አስሮ ቦምብ ጥሎባቸው ይሄዳል፤ ጄሰን በዚያ ሁኔታው እንኳ ሊያድናት ይታገላል።

ፊልሙ እናቲቱን ጭራሽ አውጥቷታል። ከኢትዮጵያ ወደ ሳራዬቮ ከመዛወሩ ይልቅ ይሄ ነው ትልቁ ለውጥ። ፊልሙን ብቻ ያየ ልጅ ጄሰንን በግልፍተኝነቱ የሞተ አድርጎ ይወስደዋል። ኮሚኩ ላይ የሚሞተው የከዳችውን እናት ሊያድን ሲል ነው።

ደግሞ ቁጥር 427 በፍንዳታው ነው የሚያልቀው። ከዚያ አንባቢዎች በስልክ ድምፅ ሰጡ፦ 5,343 ይሙት፣ 5,271 ይኑር። በ72 ድምፅ ነው የሞተው። እናንተም 427 ላይ አቁሙና ልጆቹን ድምፅ አሰጧቸው፤ 428ን ከዚያ ክፈቱ። ማንም አስቀድሞ ገልጦ እንዳያይ ጥራዙ በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

ሁለተኛው_ጥራዝ፦
ከላይ የተባለው ላይ የምጨምረው ስለ ዕትሞቹ ነው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የ2011ዱ የ«ኤ ዴዝ ኢን ዘ ፋሚሊ» ጥራዝ ከኋላው ሌላ ታሪክ አለው፤ ቲም ድሬክ የሚባል ልጅ በጄሰን ፋንታ ሮቢን የሚሆንበት ነው። ለእናንተ 429 ሲያልቅ ይበቃል።

ፊልሙ የተመሠረተበት የጄሰን ከሞት መመለስ ያለው ከ2005 ጀምሮ በወጡት በባትማን 635–641፣ 645–650 እና በዓመታዊው ቁጥር 25 ላይ ነው። ከ642 እስከ 644 ያሉት ሌላ ታሪክ ስለሆኑ ገጽ ጎደለ ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ በሁለት ጥራዝ ነበር የታተመው። የመጀመሪያውን ብቻ ካገኛችሁ ጄሰን እንዴት እንደተነሣ ሳታውቁ ትቀራላችሁ፤ መልሱ ያለው ዓመታዊው ቁጥር ውስጥ ነው፣ እሱም በሁለተኛው ጥራዝ ነው የገባው።

መልሱን ለልጆቹ ማስረዳት ከባድ ነው። ኮሚኩ ላይ ሱፐርቦይ ፕራይም የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ገጸ ባሕርይ የእውኑን ዓለም ግድግዳ በቡጢ ሲመታ ጄሰን ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ነፍስ ይዘራል፤ ቆይቶ የባትማን ጠላት የራስ አል ጉል ልጅ ታሊያ፣ ሙትን እንኳ የሚያስነሣ ላዛረስ የሚባል ገንዳ ውስጥ ትከተዋለች። ሌሎቹን መጻሕፍት ላላነበበ ይሄ ከሰማይ የወረደ ነገር ነው። ፊልሙ ግን ራስ አል ጉል ራሱ አስከሬኑን ወስዶ ገንዳው ውስጥ ይከተዋል፣ መቃብሩ ውስጥም አሻንጉሊት ይተካል ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጥፋት፣ አንድ መዘዝ። ኮሚኩንም ፊልሙንም የጻፈው ጁድ ዊኒክ ስለሆነ የራሱን ታሪክ እንዳረመ ቁጠሩት፤ በእኔ እምነት እዚህ ላይ ፊልሙ ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉ፦ አንድ ቅዳሜ 426 እና 427፣ ቀጣዩ 428 እና 429፣ ሦስተኛው ፊልሙ። 75 ደቂቃ ስለሆነ ለውይይት ጊዜ ይተርፋችኋል። ድብደባው ገና በመክፈቻው ስለሚመጣ ልጆቹን አስቀድማችሁ አዘጋጇቸው።

ፊደል_ቀራጭ፦
ስለ አማርኛው። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ፊኛ (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ተከፍሎ ዋናው ቃል ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። እኛ ግሡን መጨረሻ ስለምናደርግ ቃል በቃል ከተረጎማችሁት መጀመሪያው ፊኛ ትርጉም አልባ ይሆናል። እያንዳንዱን ፊኛ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር አድርጉት፣ የፊኛዎቹን ተራ ግን አትንኩ።

ሌላው አንተና አንቱ ነው። አሽከሩ አልፍሬድ ለብሩስ (ለባትማን) «እርስዎ» ይበል። ጄሰን ሺላን እንደ እንግዳ ሴት ሲያነጋግራት «እርስዎ» ይበላትና እናቱ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ «አንቺ» ይበላት። እንግሊዝኛው ይሄን ማሳየት አይችልም፤ አማርኛው በአንዲት ቃል ልጅ ያደርገዋል።

ቅዳሜ_አራት_ኪሎ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን! የ«አንቺ»ዋን ነገር አላሰብናትም ነበር። ገጾቹን በስልክ ነው የምናነሣው፤ ወረቀቱ አብረቅራቂ ነው።

የድሮ_ዕትም፦
ፍላሽ አጥፉ። መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ አንሡ፤ ቀጥታ ፀሐይ ካለ መጋረጃ ይጋረድ። ጥራዙን በኃይል አትዘርጉት፣ ሙጫው ይለቃል። ገጹን ሙሉውን አንሥታችሁ ፓነል በፓነል (እያንዳንዱን የሥዕል ሳጥን ለብቻው) ቁረጡትና አንድ በአንድ አሳዩ። ሙሉ ገጽ ከታየ ዓይን ቀድሞ ፍንዳታው ላይ ያርፋል።