የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከማይለቅ ራስ ምታት እንነሳ

ጸሐፊ፦ ሰላም እህት ወንድሞች። ፕሮፖዛሉን ዛሬ መልክ እናስይዘው። ለጊዜው የሰጠሁት ርዕስ «ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ወገኖች ላይ ስለሚከሰቱ የአንጎል ኢንፌክሽኖች ግንዛቤ መፍጠር» የሚል ነው። ሐሳብ ስጡበት።

የቤት ለቤት አስተባባሪ፦ ጋሼ፣ ግንዛቤ ብቻ ካልን በራሪ ወረቀት በትነን ነው የምንቀረው። ሰዎቹ እኮ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ አንድ ልጅ ለሳምንታት ራሱን አሞታል። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ አለው፣ ሌላው ሳይነስ። እኔ ስደርስ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ብርሃን አልችልም ይላል፣ የእናቱን ስም ይስታል። ስለ ኤች አይ ቪ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይሁን።

ነርሷ አባል፦ ልክ ነሽ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ቶሎ ለክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ማየት ያስፈልጋል። ይሄ እንደ ወረርሽኙ ማጅራት ገትር በአንድ ሌሊት አይጥልም፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አንገትም ላይደርቅ ይችላል። ፈንገስ ነው፤ ከአፈርና ከእርግብ ኩስ በትንፋሽ ይገባል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚበረታው ሲዲ4፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ከ100 በታች ሲወርድ ነው። የፈንገሱን ምልክት በደም ውስጥ የሚፈልገው የክራግ ምርመራ እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያወጣ ስትሪፕ ነው፤ ውጤቱ በ10 ደቂቃ ይታወቃል። ምልክት ከመታየቱ ሳምንታት ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። አንጎል ሳይደርስ ከተገኘ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ይሰጣል። ስለዚህ ፀረ ኤች አይ ቪ አዲስ የሚጀምርም ሆነ አቋርጦ የተመለሰ ሁሉ ሲዲ4 ይለካ፤ ዝቅ ያለው ክራግ ይሠራለት።

አንድ ነገር አደራ። ራሱን የሚያመውን ሰው «ዛሬውኑ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምር» እያላችሁ አታጣድፉት፤ መጀመሪያ ይመርመር። ማጅራት ገትሩ ከተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ኤች አይ ቪው ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲዘገይ ይመክራል።

አባል፦ ለምርመራው ከወገብ ፈሳሽ መቀዳቱስ? ሰው «ሽባ ያደርጋል» ብሎ ይሸሻል።

ነርሷ አባል፦ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው። ፈሳሹ ሲቀነስ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ይረግባል፣ ሕመሙ ይቀላል። ደጋግሞ መቅዳትም ሊያስፈልግ ይችላል። ቤተሰብ ይሄን አስቀድሞ ይስማ።

ሌላ አባል፦ ጥሬ ሥጋና ድመትም ይግባ እንጂ! ከእነሱ የሚመጣው፣ አንጎል የሚያጠቃው ጥገኛ ተሕዋስ ቶክሶፕላዝማ ቀላል ነው እንዴ?

ነርሷ አባል፦ ይግባ፣ ግን ባጭሩ። በብዛት የሚቀሰቀሰው ከዓመታት በፊት ገብቶ የተኛው ነው። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው መድኃኒት ይከላከላል፤ «ተሻለኝ» ተብሎ ያለ ሐኪም አይቋረጥ።

ሒሳብ ሹም፦ ስትሪፑን ጠይቀን መድኃኒቱ ከሌለስ? ለፈንገሱ ማጅራት ገትር ከ2022 ጀምሮ የሚመከረው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን፣ ከእሱ ጋር 14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ነው። ሦስቱም በስም ይጠሩ። ሪፈር ለሚባሉት የታክሲም በጀት ያዙ።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ርዕሱ «የማይለቅ ራስ ምታት፦ ቶሎ መጠየቅ፣ ቶሎ መመርመር» ሆኗል። ሲስተር የወገቡን ክፍል ትጻፍልን፣ አስተባባሪዋ በየቤቱ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች። እስከ ዓርብ ላኩልኝ።