ጅማ፣ ክረምት፦ ሲ-47ቱ ላይ የነፋሁት ቫርኒሽ ነጣብኝ

አዌቱ72፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? ያለሁት ጅማ ነው። በእጄ ያለው የሲ-47 አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል ኪት ነው፣ በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ)፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አካሉ ብርማ የላከር ስፕሬይ ነው። የጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በብሩሽ፣ በውሃ በሚቀጥን አክሪሊክ ነው የሠራሁት። ዲካሉ (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ስስ ሥዕልና ጽሑፍ) ከተለጠፈ በኋላ ትናንት 10 ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ የሚያብለጨልጭ ግልጽ የላከር ቫርኒሽ ነፋሁበት።

10 ደቂቃ ሳይሞላ የግራ ክንፉና ጀርባው ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ዲካሎቹ ሥርም ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል። የኮክፒቱ መስታወት ደግሞ ዙሪያውን ጭጋግ ለብሷል፤ እሱን ያጣበቅሁት በሱፐር ግሉ ነው።

ቀለሙን ሳልልጥ ማዳን ይቻላል? ሦስቱም ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው? እስከ ጥቅምት ድረስስ መቀባት ላቁም?

ቀጭን_ብሩሽ፦

ወንድሜ፣ አትላጠው፤ ይድናል። ግን ሦስቱ ነጭ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻ ነው የሚታዩት። እኔ የክንፉን ልመልስልህ።

ላከር ውስጥ ያለው ቲነር በጣም በፍጥነት ይተናል። ሲተን ሙቀት ከገጹ ላይ ይወስዳል፤ ገጹ ከክፍሉ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ዝናብ ባባራ ሰዓት አየሩ እርጥበት ጠግቦ ስለሚቆይ ያ ትንሽ ቅዝቃዜ ብቻውን እንፋሎቱን ወደ ጤዛ ይለውጠዋል። ጤዛው ገና ባልደረቀው ቫርኒሽ ውስጥ ይቀራል። የምታየው ነጭ እሱ ነው፤ ቀለምህ ከሥር ደህና ነው። ለማረጋገጥ ክንፉ ላይ ከማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት በስቴኪኒ ጫፍ ንካው። ነጩ ከጠፋ ጉዳቱ ላይ ላዩን ብቻ ነው፣ ቀላል ነው። ካልጠፋ ውስጥ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ዘይቱን በፈሳሽ ሳሙናና በለብታ ውሃ በደንብ አጥበህ አድርቅ፤ ቅባት ከቀረ ቀጣዩ ቫርኒሽ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል።

ከዚያ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ 24 ሰዓት ምንም ሳትነካው ተወው። ከዚያ ሞዴሉ በሰፊው የሚገባበት ካርቶን ፈልገህ በአንድ ጎኑ ባለ 40 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል አስገባ (ኤልኢዲ አይሆንም፣ አይሞቅም)። አምፖሉ ከሞዴሉም ከካርቶኑ ግድግዳም ይራቅ፤ ከሞዴሉ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር። ከላይ ሁለት የጣት ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት፣ እርጥበቱ የሚወጣው በእነሱ ነው። ቴርሞሜትር አስገባና ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ያዘው። ከ60 ካለፈ እንደ ክንፉ ጫፍና እንደ ፕሮፔለሩ ያሉ ቀጫጭን ክፍሎች መጉበጥ ሊጀምሩ ይችላሉ። ሁለት ሦስት ሰዓት በቂ ነው፤ አምፖሉ እየበራ ጥለኸው ከቤት አትውጣ።

ቀላል ነጭ በዚህ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ካልጠፋ ያንኑ ቫርኒሽ ደረቅ በሆነ ሰዓት እንደ ጉም ስስ አድርገህ ድገመው፤ አዲሱ ቲነር የደረቀውን ሽፋን መልሶ ያለሰልሰውና የታፈነው ውሃ መውጫ ያገኛል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ እጅህ ሳይቆም፣ በ10 ደቂቃ ልዩነት ሦስት ዙር። መጀመሪያ ክንፉን ከታች በኩል ሞክረው። ጅራቱን በወረቀትና በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ አክሪሊኩ ላይ ላከር ረጥቦ ካረፈ ሊሸበሸብ ይችላል፣ ሦስቱን ቀለም እንደገና መሥራት ደግሞ አድካሚ ነው።

እና እባክህ ብርማው ላይ ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ አትንፋ። የብረት ቀለም ማት ሲለብስ ሲሚንቶ ይመስላል።

ወረንጦ፦

የመስታወቱ ነገር ከዝናቡም ከቫርኒሹም አይደለም፣ ከሱፐር ግሉ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው እንፋሎት ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ይጠነክርና በአቅራቢያው ባለ ገጽ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል። የተዘጋ ኮክፒት ውስጥ መውጫ ስለሌለው መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ጣትህ ላይ የነበረ ቅባት ካለ አሻራህን ሳይቀር ያሳይሃል።

ጭጋጉ ውጭ ከሆነ ቀላል ነው። ነጭ የጥርስ ሳሙና (ጄል ያልሆነውን) የጆሮ ጥጥ ላይ አድርገህ ሳትጫን ክብ ክብ እያደረግህ እሸው፣ እጠበው፣ ከዚያ ስስ ግልጽ አክሪሊክ ቫርኒሽ በብሩሽ አልብሰው። ውስጥ ከሆነ ግን መስታወቱ መነሳት አለበት። ሞዴሉን ፌስታል ውስጥ አሽገህ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀምጥ፤ ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ የምላጭ ጫፍ ጠርዙ ሥር አስገብተህ ትንሽ ትንሽ እያዞርክ አላቀው። በግድ አትፈልቅቀው፤ ግልጹ ፕላስቲክ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ አይጠገንም። ፌስታሉን የምትከፍተው ሞዴሉ ከክፍሉ ጋር እኩል ሲሞቅ ነው፤ አለዚያ ጤዛ ይይዝና ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳለህ።

መልሰህ ስትገጥመው የእንጨት ሠራተኞች ነጭ ኮላ ተጠቀም። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ጭስ የለውም፣ የተረፈውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ሲ-47 በጎኑ በኩል ረድፍ ሙሉ ትንንሽ መስኮት ስላለው እነሱንም በኮላ ብቻ መሙላት ትችላለህ፦ ስቴኪኒ ኮላ ውስጥ ነክረህ በመስኮቱ ጠርዝ አዙርና ወደ መሃል ጎትተው፣ እንደ ሳሙና አረፋ ይዘረጋል። ያደረ ቀን ጥርት ብሎ ታገኘዋለህ። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ መስኮት ይሠራል፤ ለኮክፒቱ አይሆንም።

ቢጫ_መስመር፦

ዲካሉን እኔ ልውሰደው። ሥሩ ያለው ነጭ አየር ነው። ዲካል ሻካራ ገጽ ላይ ሲለጠፍ በትንንሾቹ ጉድጓዶች ላይ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ብርሃን እዚያ አየር ላይ ሲነጥር ነጭ ይታያል። ብርማ ስፕሬይ ከሩቅ ከተነፋ ቅንጣቱ ሳይደርስ ስለሚደርቅ ገጹ በጣት ሲዳሰስ ብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። የአንተም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ከላይ ቫርኒሽ ስላለ ዲካሉን በቀጭን መርፌ፣ ቫርኒሹን አልፎ እንዲገባ፣ ነጩ ባለበት ሁሉ ጥቅጥቅ አድርገህ ብሳ። ከዚያ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ በብሩሽ ጠብ አድርግበትና ተወው። በሚሸበሸብ ጊዜ በፍጹም አትንካው፣ ራሱ ተመልሶ ይተኛል። ሲደርቅ ደግመው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልግ ይሆናል። ማለስለሻ ካጣህ ነጭ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለህ ሞክር፤ ደካማ ነው፣ ለወፍራም ዲካል ብዙም አይረዳም፣ ለስስ ግን ይበቃል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቅደም ተከተሉን ቀይረው፦ ቀለም፣ ከዚያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ ከዚያ መዝጊያ ቫርኒሽ። ዲካሉን ለብታ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ነክረህ አውጣና ሶፍት ላይ አንድ ደቂቃ አስቀምጠው። ውሃ ውስጥ ከወረቀቱ እስኪለይ ከጠበቅህ ማጣበቂያው ታጥቦ ያልቃል። ቦታው ላይ ካረፈ በኋላ በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ከመሃል ወደ ዳር ተጫነው። በዚህ ወቅት ሳያድር ቫርኒሽ አይነፋበትም፤ ከመንፋትህ በፊት ደግሞ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ የተረፈ የዲካል ሙጫ ከርሞ ቡናማ ቀለበት ይሆናል።

አዌቱ72፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዘይቱ ሲነካው ነጩ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ላይ ላዩን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሂርማታ አካባቢ የመኪና ቀለም ሱቅ ቲነር በሊትር ይሸጣል። ነጩን በእሱ በጥጥ ማበስ ይቻላል? ስለ ጥቅምቱም አልመለሳችሁልኝም።

ቀጭን_ብሩሽ፦

በጥጥ አይታበስም! የመኪና ቲነር የሚሠራው ለብረት ነው። የእኛ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፤ ያ ቲነር ያቀልጠዋል። ቫርኒሹን፣ ብርማውን፣ የፓነል መስመሩን አንድ ላይ ጠርጎ ይወስድብሃል፣ የተረፈው ፕላስቲክም ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ይሞላል። ማንኛውንም አዲስ ፈሳሽ መጀመሪያ ስፕሩ ላይ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ጠብ አድርገህ 5 ደቂቃ ጠብቅ። በጥፍርህ ሲነካ ከተጣበቀ ሞዴል ላይ አይቀርብም። ያ ቲነር ብሩሽና የስፕሬይ ዕቃ ለማጠብ ግን ጥሩ ነው።

ጅሬን፦

ጥቅምትን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሥራውን በወቅት መከፋፈል ነው። ላከር ለበጋ፣ ማጣበቅና መሞረድ ለክረምት። የአካሉን መጋጠሚያ ብቻ ውሰድ፦ ሁለቱን ግማሽ በስስ የፕላስቲክ ሲሚንቶ (ፕላስቲኩን አቅልጦ በሚያያይዘው ማጣበቂያ) አጣብቀህ ስትጫን የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ክር መውጣት አለበት። በላስቲክና በልብስ መቆንጠጫ አስረህ ሁለት ቀን ተወው። ቶሎ ከሞረድከው ከሳምንት በኋላ ሲደርቅ ይሰምጥና ጀርባው ላይ ቦይ ይሠራል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ቁጥር 400፣ 600፣ 1000። ብርማ ቀለም ምንም ጭረት ስለማይሸፍን 2000 ድረስ ሂድ። የተረፈ ክፍተት ካለ ሲሚንቶው ሊያልቅ ሲል ጠርሙሱ ውስጥ የተከተፈ ስፕሩ ጨምረህ አሳድረው፤ ጥሩ መሙያ ይሆናል። ይህ ሁሉ ዝናብ አይፈራም። ሲ-47 ጅራቱ ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን ስለሆነ አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመርም የለብህም፤ የቦይንግ 787 ኪት ቢሆን ኖሮ ግን ወደ ጅራቱ እንዳይወድቅ ከማጣበቅህ በፊት የእርሳስ ክብደት ማስገባት ነበረብህ።

በክረምት መንፋት ግድ ከሆነ እርጥበት መለኪያ ግዛ። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ በደህና ትነፋለህ፤ 70 ካለፈ ላከሩን አስቀምጠው። ንጋት ላይ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ እርጥበቱ ከፍ ይላል፣ ዝናቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። የሚቀርህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ነው፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን። የስፕሬይ ጣሳውን ለብታ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አስቀምጠው (የፈላ በፍጹም አይሆንም)፤ ግፊቱ ስለሚጨምር ነጠብጣቡ ይደቃል። ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ አትንፋ። የላከር እንፋሎት ከከሰል ፍም ይቀጣጠላል፣ የዕጣኑ ጭስም እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ያርፋል። መስኮት ክፈት፤ የሐኪም ቤት ማስክ ጠብታውን እንጂ እንፋሎቱን አያስቀርም፣ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልገው።

በብሩሽ የሚቀባ አክሪሊክ እንዲህ አይነጣም፣ ዝም ብሎ ይዘገያል። ሁለት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ውሃ፣ ሦስት ስስ ዙር፣ በዙሮቹ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት። መጠኑን በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለካው፣ ፋርማሲ ይገኛል። ለጅራቱ መጀመሪያ ነጭ፣ ሲደርቅ ሙሉውን ቢጫ፤ ቢጫ ብርማ ላይ በቀጥታ ካረፈ ይቆሽሻል። ካደረ በኋላ ቢጫው የሚቀርበትን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ ቀዩን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን። ፕላስተሩን መጀመሪያ እጅህ ላይ ሁለት ጊዜ ለጥፈህ አንሳው፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠርዙን ደግሞ ከሥር ባለው ቀለም፣ ማለትም በቢጫው፣ አንድ ስስ ዙር ዝጋው፤ የሚሾልከው ቢጫ ስለሚሆን አይታይም፣ ቀዩ ግን እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ቢጫ_መስመር፦

የጅሬን የመጨረሻው ነገር ትክክል ነው፣ እኔ ግን ጠርዙን በግልጽ አክሪሊክ ቫርኒሽ ብትዘጋው እመርጣለሁ። ቢጫ ስስ ስለሆነ ብዙ ዙር ሲደራረብ ጠርዙ ላይ እንደ ደረጃ ይቆማል።

ደግሞ ሞዴሉን ስለመረጥከው ደስ ብሎኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 ነው፤ ጅማም ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎቹ አንዷ ናት። ጎማው ላይ የጅማን ቀይ አፈር ብታደርግበት ያምርበታል። አፈሩን ምጣድ ላይ አድርቀህ በሙቀጫ ውቀጠው፣ በሴት ስቶኪንግ ሁለት ጊዜ ንፋው። ጎማው ላይ በደረቅ ብሩሽ ነስንሰህ አንድ ጠብታ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ጠርዙ ላይ ንካ፣ ራሱ ስቦ ይይዘዋል። መንፋቱን አትሰልች፤ 1/72 ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በእውነተኛው መጠን 7 ሚሊ ሜትር ጠጠር ናት።