ለቀጭን የእጅ አንጓ የሚስማማ የጠላቂ ኮምፒውተር ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦
ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከቤርሼባ ወደ ኢላት ከተዛወርኩ በኋላ የመጥለቅ ትምህርት ጀምሬ የመጀመሪያውን ደረጃ ስለጨረስኩ፣ የራሴን ኮምፒውተር ለመግዛት አስቤያለሁ። ችግሬ የእጄ አንጓ ዙሪያው 14 ሴንቲሜትር ብቻ መሆኑ ነው፤ እስካሁን በውሰት ያሰርኳቸው ሁሉ ውኃ ውስጥ እየዞሩ ስክሪናቸው ወደ መዳፌ በኩል ይገለበጣል። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ያነሳሽው ጉዳይ ብዙ ሰው የመልክ ጉዳይ አድርጎ ስለሚያልፈው በዝርዝር ልመልስልሽ።

ኮምፒውተሩ የውኃውን ግፊትና ጊዜውን እየለካ ሰውነትሽ ውስጥ የገባውን ናይትሮጅን ያሰላል፤ ናይትሮጅኑ ከመብዛቱ በፊት በዚያ ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደምትችይ ይነግርሻል፤ ስትወጪ ደግሞ ፍጥነትሽ በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር እንዳይበልጥ ያስጠነቅቅሻል። በምትወጪበት ሰዓት አንዱ እጅሽ አየር ከሚሞላውና ከሚያንሳፍፍሽ የመጥለቂያ ጃኬት አየር የሚያስወጣውን ቱቦ ይዟል። ስክሪኑ በዚያች ደቂቃ ከተገለበጠ፣ የምትፈልጊው ቁጥር እጅግ በሚያስፈልግሽ ጊዜ አይታይሽም።

ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ «ማሰሪያው ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ይጠብቃል» ይላሉ። እኔ ግን ከማሰሪያው በፊት አካሉን ለኪ እላለሁ። የአንጓሽን የላይኛውን ጠፍጣፋ ክፍል ስፋት በማስመሪያ ለኪና፣ ማሰሪያው ከሚገባበት ከአንዱ ጆሮ ጫፍ እስከ ሌላው ጆሮ ጫፍ ካለው ርዝመት ጋር አስተያዪው። ጆሮዎቹ ከአንጓሽ ወደ ውጭ ካለፉ ማሰሪያው ቆዳሽን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ ክፍተት ስለሚቀር የፈለግሽውን ያህል ብታጠብቂው መዞሩን አይተውም። አምራቾች በማስታወቂያቸው የሚጽፉት ብዙ ጊዜ የፊቱን ስፋት ብቻ ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው ርዝመት ከዚያ ስለሚበልጥ ሱቁ ውስጥ ራስሽ ብትለኪው ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የምትለብሽው ልብስ ነው። የኢላት ባሕር በክረምት መጨረሻ ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል፣ በነሐሴ ደግሞ ወደ 27 ይጠጋል። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እጅጌ የአንጓሽን ዙሪያ በ3 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚጨምረው፣ ለእኛ ለቀጫጭኖቹ ክረምቱ ይቀላል፤ የሚያስቸግረው በበጋ ባዶ ክንድ ላይ ማሰር ነው። ሆኖም ልብሱ የተሠራበት ኒዮፕሪን ውስጡ የአየር ከረጢቶች ስላሉት ጥልቀት ሲጨምር ይሳሳል። በ20 ሜትር ላይ ግፊቱ ባሕሩ ፊት ላይ ካለው 3 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ጠብቆ የነበረው ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ኢላት አጠገብ ወደሰጠመችው ወደ ሳቲል መርከብ፣ ማለትም ወደ 24 ሜትር ግድም ስትወርጂ ይላላል። መድኃኒቱ እጅጌው ሲሳሳ አብሮ የሚሰበሰብ የላስቲክ ገመድ ወይም የሚለጠጥ የሲሊኮን ማሰሪያ ነው። የላስቲክ ገመዱ በሁለት ረድፍ ሲታሰር መሣሪያውን ከአራት ማዕዘን ስለሚይዘው፣ ትልቅ አካል ያለው ኮምፒውተር እንኳ ቀጭን ክንድ ላይ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ገመድ ማሰሪያ ቦታ የሌላቸው ሞዴሎች አሉና ከመግዛትሽ በፊት ይህንን አረጋግጪ።

ስለ ሞዴሎቹ፦ የሰዓት ቅርጽ ካላቸው የጋርሚን ዲሰንት ኤምኬ2ኤስ ስፋቱ 43 ሚሊሜትር ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤምኬ3ም በ43 ይገኛል። ለማነጻጸር ያህል የሱንቶ ዲ5 53 ሚሊሜትር ነው። የአፕል ዎች አልትራ 49 ሲሆን ለመጥለቅ የተፈቀደው እስከ 40 ሜትር ብቻ ነው። ኤምኬ2ኤስ የሲሊንደርሽን የአየር መጠን ተቀብሎ እንደማያሳይ እወቂ፤ ያንን ከፈለግሽ ኤምኬ3አይ ይሻልሻል። በሌላ በኩል እንደ ክሬሲ ሊዮናርዶ ያሉት ክብና ወፍራሞቹ ዋጋቸው ዝቅ ያለ፣ ቁጥራቸው ጎላ ያለ፣ ባትሪያቸውንም ራስሽ የምትቀይሪው ናቸው። ሺርዎተር ፔሬግሪን ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ በላስቲክ ገመድም ይታሰራል።

የእኔን ፍርድ ከጠየቅሽኝ፣ ለጀማሪ በሁለት የላስቲክ ገመድ የታሰረ፣ ጉልህ ቁጥር ያለው ርካሽ መሣሪያ፣ ቁጥሩ ከደቀቀ ውድ ሰዓት ይበልጣል፤ ለቅርብ ንባብ መነጽር የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ይህንን ያለ ማመንታት እመክርሻለሁ። የትንሹ ሰዓት ትልቅ ጥቅም ከባሕር ከወጣሽም በኋላ ከእጅሽ አለመለየቱ ነው። ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን የአየር ግፊቱ በሚቀንስበት ከፍታ ላይ አደገኛ ስለሚሆን፣ ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ መደበኛ ጥልቂያ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ጥልቂያ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ መብረር እንደማይገባ ይመክራል። ወደ አዲስ አበባ ለመብረር የምታስቢ ከሆነ፣ ወይም በመኪና ከኢላት ተነስተሽ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ሚጽፔ ራሞን የምትወጪ ከሆነ፣ የቀረውን የጥበቃ ሰዓት በእጅሽ ላይ ማየትሽ በእርግጥ ይጠቅማል።

እስክትወስኚ ድረስ ከምትጠልቂበት ማዕከል የተለያዩትን እየተከራየሽ፣ አንዴ በእጅጌ አንዴም በባዶ ክንድ ሞክሪ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦
እኔ ደግሞ የ11 ዓመት ልጄ ትምህርቱን ልትጀምር ነው። ለእርሷ ትንሹን ሰዓት ልግዛላት ወይስ የእኔን ኮምፒውተር ብንጋራ ይበቃል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጋራቱን በፍጹም አልመክርህም። ጎን ለጎን ብትዋኙ እንኳ አንዳችሁ ሁለት ሜትር ዝቅ ብላችሁ ጥቂት ደቂቃ ከቆያችሁ የናይትሮጅኑ መጠን ይለያያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ያሰረውን ሰው ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ፓዲ የተባለው የመጥለቅ ሥልጠና ድርጅት ሥርዓት የሚፈቅድላት እስከ 12 ሜትር ስለሆነ ብዙ ተግባር ያለው መሣሪያ አያስፈልጋትም። ክንዷ በየዓመቱ ስለሚያድግ ውዱን ሰዓት ትተህ፣ ቀላሉን ኮምፒውተር በላስቲክ ገመድ እሰርላት፤ ስታድግ ገመዱን ብቻ ታስረዝምላታለህ። አንጓዋ ላይ ካልቆመ ወደ ክርኗ ከፍ አድርገህ ክንዷ ላይ ብታስርላትም ይሠራል፤ ከመጥለቋ በፊት ግን ራሷ ቁጥሩን ማንበብ መቻሏን ተመልከት።