ቫት ያለበትን ዋጋ ወደ ኋላ ስመልሰው ለምን ይጎድልብኛል?

ሰፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ቱታ እየሰፋሁ ነው የምተዳደረው። አንዱን ቫቱን ጨምሮ 2,300 ብር እሸጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ድርጅት ለ40 ቱታ ፕሮፎርማ ጠየቀኝ። ዋጋውን ከቫት በፊት ጻፊ፣ ቫቱ ከታች ለብቻው ይግባ አሉኝ። ቀላል ነው ብዬ ከ2,300 ላይ 15 በመቶ አነሳሁ። 345 ብር ነው። 1,955 ቀረኝ። ልጽፍ ስል ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጄ «እማዬ፣ 2,000 ነው እኮ» አለች። በምን አወቅሽ ስላት «ኤክስ ብዬ» አለችኝ። እኔ ኤክስ የማውቀው መምህሩ ደብተሬ ላይ በቀይ ሲያደርግብኝ ነው። 45 ብሩ የት ገባ? ልጅቷ ታስረዳኛለች፣ ግን ትቸኩላለች።

ደብተር ያዥ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ናት። 15 በመቶው የማን 15 በመቶ ነው? ቫት የሚታሰበው ከዋናው ዋጋ ላይ ነው። አንቺ ግን ያነሳሽው ቫት ከተጨመረበት፣ ከተለቀው ብር ላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ የተነሳው። እንዲያውም 1,955 ላይ 15 በመቶ መልሰሽ ጨምሪ፤ 2,248.25 ነው የሚመጣው። 2,300 አይሞላም።

ኤክስ ካስጠላሽ «ዋ» በያት፣ ዋጋ ለማለት። የማናውቃትን ዋጋ ስም ሰጠናት፣ ሌላ ተአምር የለውም። ዋናው ዋጋ ሲደመር ቫቱ 2,300 ነው፦
ዋ + 0.15ዋ = 2,300
1.15ዋ = 2,300
ዋ = 2,000

ችኩሉ፦
ይሄ ሁሉ ለምን? በ1.15 አካፍዪና ተገላገይ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ደብተር ያዥ፦
ወንድሜ፣ 1.15 ከየት እንደመጣ ካላወቅክ ነገሩ ትንሽ ሲጠመዘዝ ትጠፋለህ። አንዳንድ ሬስቶራንት መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት። በቀደም ከጓደኞቼ ጋር በልተን ሂሳቡ 1,012 ብር መጣ። የምግቡ ዋጋ ብቻ ስንት ነው?

ችኩሉ፦
10 እና 15፣ 25። በ1.25 ሳካፍለው... 809.60።

ደብተር ያዥ፦
ይኸው ተያዝክ 😄 ቫቱ ሰርቪስ ቻርጁም ላይ አርፏል። ዋ × 1.10 × 1.15 ነው፣ ማለትም 1.265ዋ። 1,012 ለ1.265 ሲካፈል 800 ብር። የተጨመረብን 26.5 በመቶ ነው እንጂ 25 አይደለም።

ችኩሉ፦
እሺ፣ አፌን ዘጋሁ።

ሰፊዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ዋ» ስትለኝ ገባኝ። ማታ ማሽኑን ዘግቼ ራሴ ሠራሁት። ቫቱ ድሮም የእኔ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ከኪሴ ይወጣ የነበረው በአንዱ ቱታ 45፣ በ40ው 1,800 ብር ነው። አንድ ቱታ መርቄ ልሰጣቸው ምን ቀረኝ! ፕሮፎርማው በ2,000 ገብቷል።

አሁን ልጅቷ ያዳነችውን ብር እንካፈል ብላለች። ለእሷ «ዋ»፣ ለእኔ ሁለት «ዋ»። 600 ብር ይደርሰኛል ትላለች። ደጋግሜ አሰላሁት፣ ስህተት አጣሁባት።